ጎንደር ላይ ቦይለር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሮቶውን እዩት

ከኅዳር እስከ ጥር ጎንደር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ከተማዋ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ፊት ሲነካ ያንቀጠቅጣል። አራስ ያለችበት ቤት፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ያሉበት ቤት ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። ያኔ ነው "ዘንድሮስ ቦይለር እንግዛ" የሚባለው።

ከዚያ ሰው በቀጥታ ሱቅ ይሄዳል። "ስንት ሊትር ነው? ስንት ብር ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን እኔ ያየኋቸው ግድግዳ ላይ ያለ ሥራ የተሰቀሉ ማሞቂያዎች አብዛኞቹ በራሳቸው ጥፋት የቆሙ አይደሉም። ወይ ውሃው አልደረሳቸውም፣ ወይ ሽቦው አልቻላቸውም።

እኔም ይህን ያወቅሁት ከእናቴ ቤት ነው። ማራኪ አካባቢ ነው የምትኖረው። ኢንስታንት የሚባለውን ማሞቂያ ገዛንላት። ሻወሩ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ ማሞቂያው ግን አይበራም። ወደ ሱቁ መለስነው። እዚያ ሲሞከር ይሠራል። ቤት ሲመጣ እንደገና ዝም። ምክንያቱ የተገኘው ጣሪያ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቦይለርና ኢንስታንት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሁለቱንም "ቦይለር" ይላቸዋል። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

ባለ ታንከሩን፣ ማለትም ዋናውን ቦይለር፣ ትልቅ ፔርሙዝ ነው ብላችሁ አስቡት። ውስጡ የብረት በርሜል አለ። በርሜሉ እንዳይዝግ ውስጡ እንደ ኢናሜል ሳህን በሚያብረቀርቅ ሽፋን ተለብጧል። በበርሜሉና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ሙቀት የሚይዝ ፎም አለ። በርሜሉ ውስጥ የሚግል ዘንግ ይገባል፤ ባለሙያዎች ኤለመንት ወይም ሬዚስታንስ ይሉታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ውስጥ ካለው ጥምዝምዝ ሽቦ ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ቴርሞስታት የሚባል መቆጣጠሪያ ደግሞ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል።

ኢንስታንቱ ማጠራቀሚያ የለውም። ውሃው የሚሞቀው እያለፈ ነው። ልዩነቱን እንዲህ እዩት። አንዱ ድስት ጥዶ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ሌላው በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ወዲያው እንዲሞቅ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይፈልጋል።

በቁጥር እናስቀምጠው። ባለ ታንከሩ በአብዛኛው 1500 ወይም 2000 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3500 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ኢንስታንቱ ከ3500 እስከ 5500 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማለትም ኢንስታንት መግጠም መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ምጣድ እንደ መስቀል ነው።

ያም ሆኖ የሚሰጠው ሙቅ ውሃ ውስን ነው። የሮቶው ውሃ 17 ዲግሪ ቢሆንና ለገላ የሚመቸው 40 ዲግሪ ቢሆን፣ 5500 ዋቱ በደቂቃ 3.4 ሊትር ገደማ ያሞቃል። 3500 ዋቱ 2.2 ሊትር ብቻ ነው። በደቂቃ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ትንሽ አልፎ ማለት ነው። ሞቃት አገር ውሃው ሲጀምርም 27 ዲግሪ ስለሆነ ያው ዕቃ ብዙ ይሰጣል። ጎንደር ላይ ግን በታኅሣሥ ጠዋት ቀጭን ፈሳሽ ነው የምታገኙት። ኢንስታንት ገዝተው "ወይ ይቀጥናል፣ ወይ ይቀዘቅዛል" የሚሉ ሰዎች ዕቃው ላይበላሽባቸው ይችላል። ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚለው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማሞቂያው እንዴት ይሠራል?

ጎንደር የውሃ ችግሯ የቆየ ነው። የአንገረብ ግድብ ሲሠራና ዛሬ የከተማው ሕዝብ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ግድቡ ደለል ይገባበታል። ስለዚህ አብዛኛው ቤት ውሃ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ በቀሪው ቀን ከሮቶ ይጠቀማል። ማሞቂያችሁም ውሃ የሚያገኘው ከመንገዱ መስመር ሳይሆን ከሮቶው ነው።

እዚህ ጋ ግፊት የሚባለው ነገር ይመጣል። ግፊት ማለት ውሃው ወደ ታች የሚገፋበት ኃይል ነው። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በስንት ሜትር ይበልጣል? እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ብቻ ይሰጣል። ሮቶው በ3 ሜትር ቢበልጥ 0.3 ባር ነው። በ1 ሜትር ቢበልጥ 0.1 ባር። የሮቶው ትልቅነት ምንም አይጨምርም። ባለ 500 ሊትሩም ባለ 5000 ሊትሩም፣ የውሃው ከፍታ እኩል ከሆነ ግፊታቸው እኩል ነው።

አሁን ወደ እናቴ ቤት እንመለስ። ኢንስታንት ውስጥ ውሃ መፍሰሱን ካላረጋገጠ ኤሌክትሪኩን የማያበራ መክፈቻ አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ውሃ በሌለበት ኤለመንቱ እንዳይቃጠል ይጠብቃል። ግን ለመነሳት የተወሰነ ግፊት ይፈልጋል። የእናቴ ሮቶ ከሻወሩ በአንድ ሜትር ብቻ ነው የሚበልጠው። ሱቁ ውስጥ ግፊት ነበረ፣ ቤቷ ውስጥ አልነበረም። የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ወይም መመሪያው ላይ በባር ወይም በሜጋፓስካል ይጻፋል። 1 ሜጋፓስካል 10 ባር ነው። 0.05 ሜጋፓስካል የሚል ካያችሁ ሮቶው ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው። ወይ የሮቶውን ማማ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ ትጨምራላችሁ። ፓምፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል።

ባለ ታንከሩ በዚህ በኩል ይታገሳል። ግፊቱ ቢያንስም ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ሞልቶም ያሞቃል። ሻወሩ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ባልዲ ሞልቶ በጆግ መታጠብ ግን ይቻላል። በእኔ ግምት ፈረቃ ላለበት ለአብዛኛው የጎንደር ቤት የሚሻለው ይህኛው ነው።

"ሮቶው ባዶ ሲሆንስ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ አይቃጠልም?" ብሎ የሚፈራ አለ። ሙቁ ውሃ የሚወጣው ከታንከሩ ከላይኛው ክፍል ነው። ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ካልገፋው ሙቁ አይወጣም። ስለዚህ በትክክል የተገጠመ ታንከር ሮቶው ሲደርቅ ውሃውን እንደያዘ ይቆያል። ችግሩ ያንን ሙቅ ውሃ ሮቶው እስኪሞላ ድረስ ማውጣት አለመቻላችሁ ነው።

አንድ ነገር ለቧንቧ ሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። የሻወሩ ሙቅና ቀዝቃዛ መስመር ሁለቱም ከአንድ ሮቶ ይምጡ። ቀዝቃዛው ከመንገዱ መስመር፣ ሙቁ ከሮቶ ከሆነ፣ ውሃ በመጣ ቀን የመንገዱ ግፊት ያይላል። ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሚክሰሩን ወደ ሙቅ ብታዞሩትም ቀዝቃዛ ይወርድባችኋል።

ስንት ሊትር ይበቃናል?

50 ሊትር ውሃ 60 ዲግሪ ደርሶ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ከ70 እስከ 80 ሊትር ለገላ የሚሆን ውሃ ይወጣዋል። ሻወር በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ያፈስሳል። ስለዚህ በአጠቃላይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ ይበቃዋል። በባልዲ ለሚታጠብ ቤት ግን ያው 50 ሊትር ለአራት ሰው ይደርሳል።

ለጥምቀት እንግዳ ተብሎ 100 ሊትር የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ለሦስት ቀን እንግዳ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ታንከር ማሞቅ አይገባም። 50 ሊትሩን ሁለት ጊዜ ማሞቅ ይቻላል።

ሽቦውና ኧርዙ ለምን ይህን ያህል ይወራላቸዋል?

ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ገላ፣ እርጥብ ወለልና 220 ቮልት አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ከሽቦው ውፍረት እንጀምር። ሽቦ እንደ ቧንቧ ነው። በቀጭን ቧንቧ ብዙ ውሃ በኃይል ብታሳልፉ ቧንቧው ይጨነቃል። ሽቦ ሲጨነቅ ይግላል። 1500 ዋት ማሞቂያ 7 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። 5500 ዋቱ ግን 25 አምፔር ነው። ባለ 6 ካሬ ሽቦ፣ ባለ 32 ብሬከርና ከማከፋፈያው ቦርድ በቀጥታ የመጣ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ተራ ሶኬት ላይ አይሰካም። ከአምፖል መስመር ላይም አይቀጠልም። ምጣድና ኢንስታንት አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ከወደቀ ደግሞ መፍትሔው ትልቅ ብሬከር መቀየር አይደለም። ብሬከሩ የወደቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። አንዱን አጥፉ፣ ወይም ባለሙያ ጠርታችሁ ሽቦው ከቆጣሪው ጀምሮ ይታይ።

ኧርዝ ደግሞ ለቤቱ ኤሌክትሪክ እንደ አሸንዳ ነው። አሸንዳ የዝናቡን ውሃ ግድግዳው ላይ ሳይወርድ በጎን ይዞት እንደሚሄድ፣ ኧርዝም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ሳያልፍ ወደ መሬት ይወስደዋል። ኤለመንቱ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ውሃውንና የብረቱን አካል ይነካል። ኧርዝ ካለ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ብሬከሩንም ሊጥለው ይችላል። ከሌለ የሻወሩን እጀታ የነካ ሰው ራሱ ኧርዝ ይሆናል።

እናቴ ቤት የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን ፈትቶ ሲያይ ሦስተኛው ሽቦ አልነበረም። "እማማ፣ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው እንጂ ኧርዝ እኮ የለውም" አላት። ይህ የእሷ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ስለዚህ ሠራተኛው ሶኬቱን ይፍታላችሁ፣ በዓይናችሁ እዩ። መሬት ውስጥ የተቀበረው የመዳብ ዘንግ የት እንዳለ ጠይቁ። ዘንጉ ከሌለ ማስቀበሩ ከማሞቂያው በፊት ይቅደም። ከዚህ በተጨማሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር አለ። የሚፈትሽበት ትንሽ ቁልፍ ላዩ ላይ አለው። ገንዘብ ካጠረ ከሊትሩ ቀንሳችሁ ይህን ግዙ።

ከቦይለሩ ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብልሽት ነው?

አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ሲደፍነው አይቻለሁ፤ በጣም አደገኛ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ ወደ 0.8 ሊትር ይጨምራል። ታንከሩ ዝግ ነው፣ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። የተረፈው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት፣ ሰማያዊ ምልክት ባለበት በኩል የሚገጠመው ትንሽ የነሐስ ዕቃ ነው። ሴፍቲ ቫልቭ ይባላል። ግፊቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ትንሽ ውሃ ይለቃል። በሚያሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀጭን ጎማ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት። ጫፉ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ቢደፈንና ቴርሞስታቱም አንድ ቀን ቢበላሽ፣ ውሃው መሞቁን አያቆምም። ግፊቱ ይጠራቀማል። ታንከሩ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። በሴፍቲ ቫልቩና በታንከሩ መካከል ሳራቺኔስካ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) የማይገባውም ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ከዘጋው ቫልቩ የለም ማለት ነው። ሳራቺኔስካው ከቫልቩ በፊት፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ይሁን።

ሙቁ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧም ለሙቅ የተሠራ መሆን አለበት። ተራ ፒቪሲ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያው ይለቃል። ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ስትገዙ ለሙቅ የተባለውን ለዩ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር አለው።

ግድግዳው ይሸከመዋል?

ባለ 50 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 80ው ወደ 100 ኪሎ። ፒያሳ ያሉት የድሮ የድንጋይ ግድግዳዎች ይህን አይፈሩትም። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ትንሽ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ባዶው ላይ ከገባ አይይዝም። ወይ ግድግዳውን በስቶ በሌላ በኩል በላሜራ የሚታሰር ረጅም ብሎን፣ ወይ ቀዳዳው በኮንክሪት የተሞላ ብሎኬት ያስፈልጋል። ጭቃ ቤት ከሆነ ከወለል የሚነሳ የብረት ማቆሚያ አስበይዱ።

ሶላር አይሻልም?

ጎንደር በበጋ ፀሐይ አትነፈግም። ጣሪያና ገንዘብ ላለው ቤት ሶላር ጥሩ ነው። መስታወቱ ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ይመቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመና ነው፤ ለዚያ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኤለመንት ያለውን ምረጡ። ሮቶው ከሶላሩ ታንከር ከፍ ማለቱን አትርሱ። ባለ 200 ሊትሩ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው መዋቅር ላይ ይረፍ።

ፈረቃው እዚህም ይከተለናል። የመስታወት ቱቦ ያለው ሶላር ውሃ ካለቀበት ቱቦዎቹ ፀሐይ ላይ ባዶአቸውን ይግላሉ። እኩለ ቀን ላይ ውሃ መጣ ተብሎ ቀዝቃዛ ሲለቀቅባቸው ይሰነጠቃሉ። በምድጃ ላይ በጋለ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ባዶ ከሆነ ማታ ወይም በማለዳ ሙሉት።

የጋዝ ማሞቂያ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይገጠም። ልክ እንደ ከሰል፣ ሽታ የሌለው መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

የመብራት ሒሳቡ ስንት ይሆናል?

50 ሊትር ሙሉ ታንከር አንድ ጊዜ ማሞቅ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በየቀኑ ከሆነ በወር 75። ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ ቤት የአንዱ ዋጋም ይወደድበታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ስለተወሰነ፣ ይህ ቁጥር ዘንድሮ ከአምናው ይልቅ ኪስ ይነካል።

"ሁልጊዜ ክፍት መተው ይቆጥባል" የሚባለው ስሕተት ነው። ፔርሙዝም ቢሆን ሙቀት ያጣል፤ ታንከሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሊያባክን ይችላል። ከመታጠብ 2 ሰዓት በፊት አብሩት። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ከወረደ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ይቀንሳል። 50 ሊትሩን በ1500 ዋት ለማሞቅ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃ የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ስለዚህ ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ማሞቅ ይሻላል። ታንከሩ ለብዙ ሰዓት ሙቀቱን ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋም ውሃው ይቆያችኋል። መብራት ሲጠፋ ግን ማብሪያውን አጥፉት፤ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ሙቀቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ይመቸዋል። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ቆዳ ያቃጥላል። ልጅ ስታጥቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ ሙቁን ከዚያ ጨምሩ።

ከተገጠመ በኋላስ?

የመጀመሪያው ቀን ዋነኛው ነው። ኤሌክትሪኩን ሳትነኩ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዚያ ውሃውን ልቀቁ። መጀመሪያ አየር እያስነጠሰ ይወጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ታንከሩ ሞልቷል። ማብሪያው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይሞላ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ዋስትናውም አይሸፍነውም። ዋስትናውን ስትቀበሉ ታንከሩና ኤለመንቱ ለየብቻ ስንት ዓመት እንደተሰጣቸው በጽሑፍ ይኑራችሁ።

ታንከሩ ውስጥ ማግኒዥየም ዘንግ አለ። ዝገት በርሜሉን ትቶ እሱን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። ሲያልቅ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ አስፈትሹትና ካለቀ አስቀይሩ።

የክረምት ውሃ ደግሞ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ሮቶው ሥር ይተኛል፣ የተረፈው ታንከሩ ሥር ይተኛል። ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ይመደብለት። ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። መጀመሪያ ሮቶውን እጠቡ። ከዚያ ሳራቺኔስካውን ዝጉና የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። የታንከሩን ውሃ ከታች በኩል ወደ ባልዲ አውጡት። የመጀመሪያው ባልዲ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሳራቺኔስካውን ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡት። እንደገና ሲሞላም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ማንም ማብሪያውን እንዳይነካ።